የኦማሃ አሸዋ፦ የጦር ማረፊያ ዳርቻንና ሙዚየሞቹን ስለ መጎብኘት

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ግዛት፣ ቪየርቪል ሱር ሜር ከምትባለው መንደር እስከ ኮልቪል ሱር ሜር ድረስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የባሕር ዳርቻ፣ በበጋ ወራት ሕፃናት የአሸዋ ቤት የሚሠሩበትና ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚውልበት ሰላማዊ ስፍራ ነው። ዳርቻው ዛሬ በዓለም የሚታወቅበት «ኦማሃ» የተባለው ስም የአገሬው ሰው ያወጣለት ሳይሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አዛዦች ዕቅዳቸው እንዳይታወቅባቸው የሰጡት የምስጢር ስም ሲሆን፣ ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላም በካርታ፣ በመንገድ ምልክትና በሰው አንደበት ጸንቶ ቀርቷል። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰኔ 6 ቀን 1944፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ «ተባባሪ ኃይሎች» የሚባሉት፣ በዋናነትም የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የካናዳ ሠራዊት፣ በናዚ ጀርመን የተያዘችውን ምዕራብ አውሮፓ ነጻ ለማውጣት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ግንባር ላይ ከባሕርና ከአየር አረፉ። በዚያ አንድ ቀን ወደ 156,000 የሚጠጉ ወታደሮች የፈረንሳይን ምድር የረገጡ ሲሆን፣ ከባሕር የመጡት ዩታ፣ ኦማሃ፣ ጎልድ፣ ጁኖና ሶርድ የሚል የምስጢር ስም በተሰጣቸው አምስት ዳርቻዎች ወረዱ፤ ከአምስቱም ብዙ ደም የፈሰሰው በኦማሃ ነበር።

እንዲህ ያለውን ስፍራ መጎብኘት ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ቤተ መንግሥት ቢፈርስ ፍርስራሹ ይቀራል፣ ምሽግም ቢደረመስ መሠረቱ ይታያል፤ የባሕር ዳርቻ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በውኃ የሚታጠብ፣ የትናንቱን ዱካ ለዛሬ የማያሳድር መሬት ነው። ስለዚህ ብዙ ጎብኚ አሸዋውን ጥቂት አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የቀረውን ሁሉ ከሙዚየም ለማግኘት ይቸኩላል። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ግን መሬቱ ራሱ ዋናው ሰነድ እንደ ሆነ፣ ሙዚየሞቹ የዚያ ሰነድ ማብራሪያ እንደ ሆኑ፣ መካነ መቃብሮቹም የተከፈለው ዋጋ ሒሳብ የተጻፈባቸው ገጾች እንደ ሆኑ ነው፤ ሦስቱንም በዚህ ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የሆነውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደ ሆነም ይረዳል።

ባሕሩን ማንበብ

በኦማሃ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የባሕር ሙላትና ጉድለት ነው። ሙላትና ጉድለት ማለት በጨረቃና በፀሐይ የስበት ኃይል ምክንያት የባሕር ውኃ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ እያለ ወደ የብስ መግባቱና ሁለት ጊዜ ዝቅ እያለ ወደ ኋላ መሸሹ ሲሆን፣ በኖርማንዲ ጠረፍ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 6 ሜትር ያህል ይደርሳል። አሸዋው ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ፣ ውኃው በጎደለ ጊዜ 300 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ገላጣ ሜዳ ይወጣል፤ በሞላ ጊዜ ደግሞ ያ ሜዳ ጠፍቶ ማዕበሉ ከዳር ያለውን የጠጠር ክምር ይመታል።

የማረፊያው ቀንና ሰዓት የተቆረጠው በዚህ ስሌት ነበር። የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ኤርቪን ሮሜል ወራሪው በሙላት ጊዜ ይመጣል ብለው በማሰብ፣ ውኃ ሲሞላ ተሸፍነው የጀልባ ሆድ የሚቀዱ መሰናክሎችን በአሸዋው ላይ አስተክለው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ጫፋቸው ላይ ፈንጂ የታሰረባቸው ግንዶችና ሦስት የብረት ምሰሶዎች እርስ በርስ ተጠላልፈው የተሠሩ ባለ ብዙ ቀንድ ብረቶች ይገኙባቸዋል። ተባባሪዎቹ መሰናክሎቹ እንዲታዩአቸውና መሐንዲሶቻቸው እንዲያፈርሷቸው ውኃው ጎድሎ ገና መሙላት በሚጀምርበት ሰዓት ለማረፍ ወሰኑ፤ ለአየር ወለዱ ጦር ደግሞ የጨረቃ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ የሚገጣጠሙባቸው ቀናት በየወሩ ጥቂት ስለሆኑ፣ ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ሰኔ 5 ቀን ታስቦ የነበረውን ዘመቻ በአየር ጠባይ ምክንያት በአንድ ቀን ብቻ ሲያዘገዩት፣ ከዚያ በላይ የማዘግየት ነጻነት እጅግ ጠባብ ነበር።

ምርጫው ግን ዋጋ ነበረው። ውኃው በጎደለ ሰዓት ማረፍ ማለት ወታደሩ ያንን 300 ሜትር ገላጣ ሜዳ፣ ልብሱና መሣሪያው በጨው ውኃ ርሶ፣ በመትረየስ ፊት በእግሩ ይሻገራል ማለት ነበር፤ በሰዓት ከአንድ ሜትር በላይ የሚሞላው ባሕር ደግሞ ከኋላው እየተከተለው፣ ቆስሎ የወደቀውን ያሰጥም ነበር። ስለዚህ ኦማሃን ሊያይ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰሌዳ ተመልክቶ በጉድለት ሰዓት መድረስ አለበት፤ ከውኃው ጫፍ ተነሥቶ ፊቱን ወደ የብስ አዙሮ እስከ ጠጠሩ ድረስ ቢራመድ፣ በሰላም ቀንና ያለ ሸክም እንኳ ደቂቃዎች እንደሚፈጅበት ይገነዘባል፤ ይህንን የሚያህል ትምህርት የትኛውም መጽሐፍ አይሰጠውም።

ከአሸዋው በላይ ያለው ዳገት

ጎብኚው ጠጠሩ ዘንድ ሲደርስ በፊቱ የሚያየው ከ30 እስከ 50 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ዳገት ነው። ዳገቱ ለእግረኛ እንጂ ለተሽከርካሪ አይመችም፤ ታንክና መኪና ወደ አገር ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት ዳገቱን በሚሰነጥቁት አምስት ሸጦች በኩል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሸጦቹን የያዘ ዳርቻውን ይዟል ማለት ነው፤ ጀርመኖችም «የመከላከያ ጎጆ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል የሚጠሯቸውን፣ በቁጥር የተለዩ አነስተኛ ምሽጎች በእነዚሁ ሸጦች አፍ ግራና ቀኝ አሰባስበው ሠሩ።

ከእነዚህ አንዱ፣ በሩኬ ሸጥ አፍ ያለው 65ኛው ጎጆ፣ ዛሬም የ50 ሚሊ ሜትር መድፉን እንደ ያዘ ቆሟል። አሠራሩን ቀርቦ ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል፤ የመድፉ መተኮሻ መስኮት ወደ ባሕር ሳይሆን በዳርቻው ቁመት ወደ ጎን የተከፈተ ሲሆን፣ በባሕሩ አቅጣጫ ያለው ግድግዳ ግን ድፍንና እጅግ ወፍራም ኮንክሪት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ከመርከብ የሚተኮስ ጥይት መድፉን እንዳያገኘው ለመከለልና፣ ከጀልባ የሚወርዱትን ወታደሮች ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በኩል በረድፍ ለማጨድ ነው። በቪየርቪል ያለው፣ 88 ሚሊ ሜትር መድፍ የነበረበት ምሽግም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ በጣሪያው ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ ዘብ መታሰቢያ ቆሞበታል።

በዚያ ማለዳ ዕቅዱ ከሞላ ጎደል ከሸፈ። ምሽጎቹን ይደመስሳሉ ተብለው የተላኩት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በደመና ምክንያት፣ የራሳቸውን ጀልባዎች እንዳይመቱ በመስጋት፣ ቦምባቸውን ዘግይተው ለቀቁና ከዳርቻው አልፎ በእርሻ ላይ ወደቀ። በሸራ ተከልለው በውኃ ላይ እንዲንሳፈፉ ከተሰናዱት የ741ኛው ታንከኛ ሻለቃ 29 ታንኮች 27ቱ በማዕበሉ ሰጠሙ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኛ አነጋገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ የ1ኛውና የ29ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የመጀመሪያ ወታደሮች ሲወርዱ፣ ልምድ ያለው የጀርመን 352ኛ ክፍለ ጦር በተኩስ ተቀበላቸው። በቪየርቪል ሸጥ ፊት የወረደው የ116ኛው ሬጅመንት «ኤ» ሻምበል በደቂቃዎች ውስጥ ተሰባበረ፤ ከወታደሮቹም በርካቶች ቤድፎርድ ከምትባል አንዲት ትንሽ የቨርጂኒያ ከተማ የተገኙ ነበሩ።

ውጊያውን የለወጠው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን መሬቱን ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በጠጠሩ ሥር ተጠልለው የነበሩ መኮንኖችና ተራ ወታደሮች፣ ሸጦቹን ፊት ለፊት ማስለቀቅ እንደማይቻል ሲረዱ፣ በሸጦቹ መካከል ያለውን፣ ጥበቃው የሳሳውን ዳገት በትናንሽ ቡድን እየሆኑ ወጡና ምሽጎቹን ከጀርባ ያዟቸው፤ የጦር መርከቦችም መሬት እስኪነካቸው ድረስ ወደ ዳር ተጠግተው ተኮሱላቸው። ሲመሽ ወደ 34,000 የሚጠጉ ወታደሮች በኦማሃ አርፈው ነበር፤ በዚያው ቀን የሞቱት፣ የቆሰሉትና የጠፉት ደግሞ በተለመደው ግምት 2,400 ያህል ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ የሚያደርሱት ተመራማሪዎችም አሉ።

በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት

አሸዋው ዱካ አያስቀምጥም ቢባልም ፍጹም ባዶ አይደለም። በ1988 ኧርል ማክብራይድና ዴን ፒካርድ የተባሉ ሁለት የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከኦማሃ ዳርቻ አንድ ዕፍኝ አሸዋ ይዘው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩትም ከማዕድኑ ቅንጣት ጋር የተቀላቀሉ፣ ጠርዛቸው ያልተሞረደና ዝገት የሸፈናቸው የብረት ደቃቆች አገኙ። እነዚህ የፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች ፍንጣሪዎች ሲሆኑ፣ ከናሙናው አሸዋ እስከ 4 በመቶ የሚደርሰውን ይዘው ተገኙ፤ ከእነርሱም ጋር በፍንዳታ ሙቀት ቀልጠው እንደገና የረጉ፣ ሉል የመሰሉ የብረትና የመስታወት ዶቃዎች ነበሩ። በባዶ ዓይን ከተራው አሸዋ የማይለየው ዕፍኝ፣ ጎልቶ ሲታይ የዚያን ማለዳ እሳት ይዞ ተገኘ።

ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ይህም ምስክር ዘላለማዊ አይደለም። ማዕበል ቅንጣቶቹን እርስ በርስ እያፋተገ ዝገቱን ይልጠዋል፣ አዲስ የተገለጠው ብረት እንደገና ይዝጋል፣ ዝገቱም እንደገና ይላጣል፤ በዚህ ዑደት ብረቱ በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአሸዋው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ሙዚየም የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባሕር የሚፈጨውንና ዝገት የሚበላውን ነገር ሰው ካልሰበሰበው የሚጠብቀው የለም።

ሙዚየሞቹና እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ

በአካባቢው ሙዚየም በብዛት ስላለ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማዳረስ የሚሞክር ሰው የመጨረሻውን ሲያይ የመጀመሪያውን ይረሳል፤ የሚሻለው እያንዳንዱ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለይቶ መምረጥ ነው።

ወታደሩ ምን ይዞ ወረደ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዳርቻው ሳይርቅ፣ በሰን ሎራን ሱር ሜር ያለው የኦማሃ መታሰቢያ ሙዚየምና በኮልቪል በ2013 የተከፈተው ኦቨርሎርድ ሙዚየም ዘንድ ይገኛል። በእነዚህ ውስጥ ልብሱ፣ የብረት ቆቡ፣ የሕክምና ሣጥኑና ታንኩ በየመልኩ ተደርድሯል። ስለ ዘመኑ በሚነገር ትምህርት ሁሉ የማይቀረው የሂጊንስ ጀልባም የአሠራሩ ምስጢር የሚገባው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው፤ ይህ 36 ወታደሮች የሚጭን ጀልባ ባብዛኛው ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ሲሆን፣ ሆዱ ጥልቀት ስለሌለው እስከ ዳር ይጠጋል፣ አፍንጫውም እንደ መዝጊያ ወደ ፊት ተዘርግቶ መውረጃ ይሆናል። ያ መዝጊያ ሲወድቅ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመትረየሱ ይጋለጡ እንደነበር ጎብኚው የሚረዳው፣ አስቀድሞ በአሸዋው ላይ ቆሞ ምሽጉ በየት በኩል እንዳለ ካየ ነው።

ሠራዊቱ ካረፈ በኋላ እንዴት ኖረ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አሮማንሽ ይወስዳል። ተባባሪዎቹ ወደብ ያለው ከተማ ወዲያው መያዝ እንደማይችሉ ስላወቁ፣ «መልበሪ» የሚል የምስጢር ስም የተሰጣቸውን ሁለት ሰው ሠራሽ ወደቦች በእንግሊዝ በቁርጥራጭ ሠርተው በባሕር ላይ እየጎተቱ አመጡ፤ ማዕበል የሚገታው ግድባቸው ትልልቆቹ 6,000 ቶን ያህል በሚመዝኑ፣ ውስጣቸው ባዶ በሆኑ የኮንክሪት ሣጥኖች የተሠራ ነበር። በኦማሃ ፊት የተተከለውን ከሰኔ 19 እስከ 22 የነፈሰው ብርቱ አውሎ ነፋስ አፈራረሰው፤ የአሮማንሹ ግን ተርፎ ለወራት አገለገለ። በ1954 የተከፈተውና በ2023 በአዲስ ሕንፃ የተተካው የአሮማንሽ ሙዚየም ከመስኮቱ የሚታየውን ያስረዳል፤ ሣጥኖቹ እስከ ዛሬ በባሕሩ ውስጥ እንደ ተኮለኮሉ ናቸውና፣ ትምህርቱና ማስረጃው በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ከኦማሃ በስተምዕራብ ያለው ፖይንት ዱ ኦክ ደግሞ መሬቱ ራሱ ሙዚየም የሆነበት ስፍራ ነው። በሌተና ኮሎኔል ጄምስ ኧርል ሩደር የተመሩ 225 የሬንጀር ወታደሮች፣ ማለት ለልዩ ግዳጅ የሠለጠኑ ተዋጊዎች፣ 30 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል በገመድና በመሰላል ወጡ፤ ሊያወድሟቸው የመጡባቸው ከባድ መድፎች ከስፍራው ተነሥተው ስለነበር ወደ ውስጥ ዘልቀው ፈልገው አገኙና አወደሟቸው። ከሁለት ቀን ውጊያ በኋላ መሣሪያ መያዝ የሚችሉት 90 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ያሉት የቦምብ ጉድጓዶች ሳይደፈኑ ስለተተዉ፣ ሣር የለበሰው መሬት ዛሬም እንደ ፈንጣጣ ፊት የተጎደጎደ ነው።

ጦርነቱ ለምን ሆነ፣ ሰላማዊው ሕዝብስ ምን ሆነ ለሚለው ሰፊ ጥያቄ ወደ ካን ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በ1988 የተከፈተው የካን መታሰቢያ ታሪኩን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ይተርካል። ከኖርማንዲ ነዋሪ በዚያ በጋ 20,000 ያህል ሰው አልቋል፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ነጻ ሊያወጧቸው በመጡት ወገኖች ቦምብ ነበር የሞቱት። በ2016 በፋሌዝ ከተማ የተከፈተው ሙዚየም ለእነዚሁ ሰላማዊ ሰዎች የተሠራ በመሆኑ፣ የወታደሩን ታሪክ ብቻ ሰምቶ የሚመለስ ጎብኚ የግማሹን ያህል እንኳ አልሰማም ማለት ይቻላል።

ሙዚየሞችና ፊልሞች ለረጅም ጊዜ በሚገባ ያልነገሩት ሌላም ታሪክ አለ። በ1998 የወጣው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» የተባለው ፊልም ኦማሃን ለዓለም ሁሉ ቢያሳይም፣ የዳርቻው ትዕይንት የተቀረጸው በአየርላንድ ሲሆን፣ በእውነተኛው ዳርቻ የነበሩትን የ320ኛው ባሉነኛ ሻለቃ ጥቁር አሜሪካውያን አያሳይም። የሻለቃው ሥራ ጋዝ የተሞሉ ግዙፍ ባሉኖችን በብረት ገመድ አስሮ ወደ ላይ በመልቀቅ የጠላት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እንዳይተኩስ መከላከል ነበር። ከዚህ ሻለቃ የሕክምና ባለሙያው ዌቨርሊ ውድሰን ራሱ ቆስሎ ሳለ 30 ሰዓት ያህል ቁስለኞችን አከመ፤ ከጀግንነት ሽልማቶች በደረጃ ሁለተኛ የሆነው «ዲስቲንግዊሽድ ሰርቪስ ክሮስ» የተሰጠው ግን ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2024 ነው። የሠራዊቱ የዘር መለያየት የጀግንነትን መዝገብ ሳይቀር ለሰማንያ ዓመታት አዛብቶ ኖሯል።

መካነ መቃብሮቹ

የጉብኝቱ መጨረሻ ሙታን ያሉበት ስፍራ ሊሆን ይገባል፤ አስቀድሞ ሜዳውን ያልተራመደና ምሽጉን ያላየ ሰው የመቃብሩን ብዛት እንደ ቁጥር እንጂ እንደ ሰው አያየውምና። በኮልቪል፣ ከዳርቻው በላይ ባለው ዳገት ራስ ላይ፣ 70 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው የአሜሪካ መካነ መቃብር ከ9,380 በላይ ሰዎች ያረፉ ሲሆን፣ በነጭ እብነ በረድ የተሠሩት መስቀሎችና የዳዊት ኮከቦች በየትኛውም አቅጣጫ ቢታዩ ቀጥ ያለ መስመር ሠርተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገራቸው አቅጣጫ ፊታቸውን ያዞሩ ናቸው። አስከሬናቸው ያልተገኘ 1,557 ሰዎች ስምም በግንብ ላይ ተቀርጿል። ከጦርነቱ በኋላ ለየቤተሰቡ ምርጫ ተሰጥቶ ብዙዎች ልጆቻቸውን ወደ አገራቸው ስላስወሰዱ፣ በዚህ ያረፉት በኖርማንዲ ከወደቁት አሜሪካውያን ከፊሎቹ ብቻ ናቸው።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሄዶ ላ ካምብ የተባለውን የጀርመን መካነ መቃብር ያላየ ጎብኚ ሒሳቡን አልጨረሰም። በዚያ ከ21,000 በላይ ሰዎች ያረፉ ሲሆን፣ መቃብሮቹ በሣሩ ላይ በተነጠፉ ጠፍጣፋ ድንጋዮችና በጥቁር አጫጭር መስቀሎች ተለይተዋል። በድንጋዮቹ ላይ የተጻፉትን የልደትና የሞት ዓመታት ያሰላ ሰው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ብዙዎች እንደ ነበሩ ይመለከታል። ይህን ማየት የናዚን አገዛዝ ጥፋት አያቀልም፤ ይልቁንም አንድ ክፉ አገዛዝ የሌላውን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ልጆች እንዴት እንደሚበላ ያሳያል።

በኮልቪል አንድ ልማድ አለ። የሟች ቤተሰብ መቃብር ሊያይ ሲመጣ፣ የመካነ መቃብሩ ሠራተኛ ከኦማሃ ዳርቻ የመጣ እርጥብ አሸዋ በባልዲ ይዞ ይወጣና በነጩ እብነ በረድ ላይ በተቀረጹት ፊደላት ውስጥ ያሸዋል፤ ትርፉን በስፖንጅ ሲጠርገው፣ ነጭ በነጭ ሆኖ በቅጡ የማይነበበው ስም ወርቅማ ሆኖ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ፎቶግራፍ ያነሣል። ዝናብ ሲዘንብ አሸዋው ታጥቦ ይሄዳል፤ ሌላ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ባልዲው እንደገና ከዳርቻው አሸዋ ይሞላል።